የቅሬው ስብሰባ ላይ ያንኮራፋሁት እኔ ነኝ

አያችሁት አይደል ቪዲዮውን? አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ሽማግሌ ትከሻ ላይ የሚያንኮራፋውን ልጅ?

እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ከምሳ ወዲህ መካነ ሰላም ውስጥ ያልደረሰበት ስልክ የለም። አንዱ ዘፈን ጨምሮበታል። አንዷ ደግሞ «ይህ ልጅ አግብቷል ወይ?» ብላ ኮሜንት ጽፋለች። አላገባሁም። ከዛሬ በኋላም የማገባ አይመስለኝም።

ሳቁ፣ ችግር የለም። ግን ሙሉውን ሰምታችሁ ሳቁ።

እኔ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። የአማርኛ መምህሬ «ሐሳብህ ደህና ነው፣ ግን መንገድ ላይ ይቀራል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ እንዳይቀር እሞክራለሁ፣ ታገሱኝ።

ዛሬ የሰፈራችን ቅሬ ስብሰባ ነበር። ለማታውቁት፣ ቅሬ ማለት ሌላ አገር እድር የሚባለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሀዘንተኛ ያጽናናል። መስጊድ ሄድክ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ፣ ቅሬህ አንድ ነው። የቅሬው ዳኛ ደግሞ ማን መቃብር ይቆፍር፣ ማን አግዳሚ ይሸከም፣ ማን ለሩቅ ዘመድ መርዶ ይንገር የሚለውን የሚያዝዝ ሰው ነው።

የኛ ቅሬ ዳኛ አባ ይመር ናቸው።

አባ ይመር አባቴ ናቸው።

ያንኮራፋሁትም እሳቸው ትከሻ ላይ ነው።

ቆዩ፣ ውርደቱ ገና ነው። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ የተገኘሁት አባባ እንዳይተኙ ልጠብቃቸው ነበር!

አዎ። ጠባቂው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ነው።

እህቴ ሀዋ አምና ሞተች።

እንዲህ በአንድ መስመር ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ደጋግሜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። ሀዋ ታላቄ ናት። አረብ አገር ሠርታ ተመለሰች፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ታመመች፣ ደሴ ወሰድናት፣ አልሆነም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቀብሯ ቀን አባባ የቅሬ ዳኛ አልነበሩም። ሀዘንተኛ ነበሩ። ያገሩን ሰው ሁሉ የቀበሩ ሰውዬ፣ ያን ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሲያዝዝ ያያሉ። የድንኳኑን ገመድ የገመዱት ራሳቸው ናቸው። ገመዱን አንዴ ነካ አደረጉትና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን ጠርተው አያውቁም። እኔም አልጠራም። ሁለታችንም አንዱ ሌላውን እየጠበቀ መሰለኝ።

እንቅልፋቸውም ተገለበጠ።

ሌሊት ዓይናቸው ይፈጥጣል። ቀን ፀሐይ ሞቅ ሲል ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡና እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል። መድኃኒት ያልነገረን ሰው የለም። ወተት በማር አልን። ዱአ አስደረግን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ አንዷ ልጅ «ቀን እንዳይተኙ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» አለችን። ተናደድኩ። ሽማግሌ የማታከብር ባለጌ ናት ብዬ ወጣሁ።

ሽማግሌ ማክበር ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ እንጂ!

ሀዋ ስለሌለች ክፍተቱን ልሙላ አልኩ። አህያዋን ውሃ ማጠጣት፣ «አባባ፣ ይቀመጡ፣ እኔ አለሁ።» እንጨት መፍለጥ፣ «ይቀመጡ።» ድንች መኮትኮት፣ «ኧረ በአላህ፣ ይቀመጡ።» አባባ በገበያ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ምንም ባይገዙ የአህያ ዋጋ ጠይቀው ይመለሳሉ። እሱንም «ጭቃ ነው፣ ይወድቃሉ» ብዬ አስቀረሁ። ገመድ የሚገምዱበትን ቃጫ እንኳን ከእጃቸው ወሰድኩ። ጣታቸው እንዳይላጥ ብዬ።

ሰፈሩ ይመርቀኛል። ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ ባዩኝ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ አንተም ጧሪ አያሳጣህ» ይሉኛል። እኔ «አሚን» እላለሁ። ምርቃት ሱስ እንደሚያስይዝ ታውቃላችሁ? በቃ ላይክ ማለት ነው። ጠዋት ካላገኘሁ ቀኑ አይሄድልኝም ነበር።

ሰው አባባ ደጃፍ ላይ ተኝተው ካየ ድምፁን ቀንሶ ያልፋል። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች እኔ አባርራለሁ። እኛ ጋ ተኝቶ ያለ ሽማግሌ መቀስቀስ ነውር ነው። ሽማግሌ ማሠራትማ አይወራም።

እንዲህ እያከበርን እያከበርን አባባን ልናጠፋቸው ነበር።

መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነው። ውዱእ አድርገው ማድረጋቸውን ይረሱና እንደገና ይነሳሉ። ዳቦ እጃቸው ላይ እንዳለ ይተኛሉ፣ ዶሮዋ ትጨርሰዋለች። አንድ ቀን የኔን አንድ ጫማ ከሳቸው አንድ ጫማ ጋር አድርገው መስጊድ ደርሰው መጡ። እኔም የቀረውን ጥንድ አድርጌ ሰፈር ለሰፈር ስፈልጋቸው ዋልኩ። ሰው ሁለታችንንም አየን።

«አባ ይመር ጃጁ» መባል ተጀመረ። እኔ ፊት አይባልም። እኔ ስደርስ ግን ወሬው ይቆማል።

ከዚያ የድንኳኑ ነገር መጣ።

ላይ ሰፈር አንዲት እናት ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። የቅሬው ጎረምሶች ትእዛዝ ሊቀበሉ ወደ አባባ ሮጡ። አባባ ደጃፍ ላይ እንቅልፍ ላይ ናቸው። «ድንኳኑ የት ይተከል?» ብለው ወዘወዟቸው። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንድሪስ ግቢ» አሉ።

ዳኛ ካዘዘ አለቀ፤ ማን ይጠይቃል? ጎረምሳው ሁሉ ድንኳኑን ተሸክሞ ጋሼ እንድሪስ ግቢ ገባና ካስማ መምታት ጀመረ። መንገደኛው ድንኳኑን አይቶ እየተቀባበለ አወራ። ሴቶች እያለቀሱ መጡ። የጋሼ እንድሪስ አማች ከገበያ የያዘችውን ጎመን ጥላ፣ ደረቷን እየደቃች ደረሰች።

ጋሼ እንድሪስ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከቤት ወጡ።

ሙሉ ጤነኛ!

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ካስማ የሚመታው ጎረምሳ መዶሻውን ከጀርባው ደበቀ።

ጋሼ እንድሪስ የጫማ ሱቅ ያላቸው፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ግን የራስን ድንኳን ማየት አያስቅም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ «እንኳን አተረፈዎ» እያለ ይጨብጣቸው ነበር፣ ጫማ ሳይገዛ ይወጣል። በመጨረሻ መሯቸው ነገሩን ወደ ቅሬው አመጡት። በሚቀጥለው ስብሰባ አባ ይመር ይውረዱ፣ ሌላ ዳኛ ይመረጥ አሉ።

ክፋት አይደለም። እሳቸውን ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ግን አስቡት። አባባ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ልጃቸውን ቀብረዋል። አህያዋን፣ ገበያውን፣ ቃጫውን ደግሞ እኔ ወስጄባቸዋለሁ። የቀረቻቸው ቅሬዋ ናት። እሷን ከወሰዱባቸው አባባን ከዚያ ደጃፍ የሚያስነሳ ነገር አይኖርም፣ እዚያው እንደተከናነቡ ያልቃሉ።

እኔ ሀዋን ቀብሬ ገና አልጨረስኩም። ሌላ ሰው ለመቅበር አቅም አልነበረኝም።

መፍትሔውን በብልሃት ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። በጭቃ ነው።

አንድ ሹፌር ጓደኛ አለኝ። ከአቀስታ ድንች ሊጭን ነበርና «አግዘኝ፣ ዛሬውኑ እንመለሳለን» አለኝ። እትዬ ፋጤም «ሂድ፣ የአባትህን ምሳ እኔ አደርሳለሁ» አሉ። ሄድኩ። ዝናብ መጣ፣ መንገዱ ተናደ፣ ኔትወርክ ጠፋ። «ዛሬውኑ» ካለኝ ሰው ጋር አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን አቀስታ ላይ ከረምን። የአቀስታ ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ያስጨነቀኝ ግን ብርዱ አልነበረም። አባባን ማን ደግፎ አስነሳቸው? ውሃ ማን ሰጣቸው?

መንገዱ ተከፈተና ሰፈር ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። እትዬ ፋጤ በራቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። «ልጄን ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ከረምኩ። አባትህን ከመጀመሪያው ቀን ወዲያ አላየኋቸውም።»

ግቢ ገባሁ። አባባ ደጃፉ ላይ የሉም።

መደቡ ላይ የሉም።

አህያዋም የለችም!

ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። አባባ እንጨት ይፈልጣሉ። አህያዋ ውሃ ጠጥታ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። የድንቹ መደብ ግማሹ ተኮትኩቷል። ቀና አሉና «መጣህ? ከስተሃል» አሉኝ።

ዓይናቸው ጥርት ብሏል። ያንን ዓይን ከሀዋ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

የሚያበላቸው ሲያጡ ተነስተው ድንች ቀቀሉ። ውሃ የሚቀዳላቸው ሲያጡ ወርደው ቀዱ። አህያዋ ስትጮህባቸው ይዘዋት ወጡ። የማታውን ኢሻ ሰግደው ጋደም ሲሉ በቃ፣ እስከ ንጋቱ ሱብሂ። «እንደ ልጅ ተኛሁ» አሉኝ፣ ራሳቸውም እየገረማቸው።

እዚያው ጓሮ ቆሜ ገባኝ። ቀን «ይቀመጡ» እያልኩ ሳስተኛቸው የሌሊቱን እንቅልፍ የምቀማቸው እኔው ነበርኩ። ምርቃቱን ስበላ የከረምኩት በዚህ ነው። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ይህን ካነበበች ይቅርታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይቀመጡ» ቀረ፣ «ይነሱ» ተጀመረ። ዓይናቸው ከበድ ሲል «አባባ፣ አህያዋ ገመዷን በጠሰች» እላለሁ። አልበጠሰችም። ሄደው እስኪያዩ ግን እንቅልፉ ይበራል። ቃጫውን መለስኩ። ገበያውን መለስኩ።

ምርቃቱስ?

ቆመ!

ከጧሪ ልጅነት ወደ ጨካኝነት የወረድኩት በአንድ ቀን ነው። አባባ ጀሪካን ይዘው ከፊት፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ስንሄድ የታየን ቀን። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው፣ እንድሰማ አድርገው፣ «ያ ረብ፣ የኛን መጨረሻ አሳምረው» ብለው ዱአ አደረጉ። እትዬ ፋጤ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁኝ።

«እህትህ ይህንን ብታይ ምን ትልሃለች?» አሉኝ።

ወጋችኝ ያቺ ቃል። ጀሪካኑ ግማሽ ብቻ ነው ልላቸው ብዬ ተውኩት። ምን እንደምትለኝ በእውነት አላውቅም ነበር።

አባባ ግን ይለመልማሉ። ችግሩ ወደ እኔ ዞረ። ሰውየው ማታ ሲተኙ ጊዜ ሱብሂ ላይ ብድግ ይላሉ። ብቻቸውን ቢነሱ ምን ነበረበት? «ተነሳ፣ ጎረምሳ እስካሁን አይጋደምም» ይሉኛል። ከመስጊድ ወደ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ድንቹ፣ ከድንቹ ወደ ገበያ። የአህያ ዋጋ እንጠይቃለን፣ አንገዛም፣ እንመለሳለን። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩን ፊታቸውን ማዞር ጀምረዋል። ቀን ደግሞ እሳቸው እንዳያሸልቡ እኔ ነቅቼ መጠበቅ አለብኝ። ማታ ማታስ? እውነቱን ልናገር፣ ስልክ ስነካካ አመሻለሁ። የናንተን ፖስት ላይክ ሳደርግ ነው እንዲህ የሆንኩት። ጥፋቱ የናንተም አለበት።

አባባ እየለመለሙ፣ እኔ እየጠወለግሁ፣ ስብሰባው ደረሰ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ጢማቸውን ተስተካክለው፣ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ ያውቃሉ። መንገድ ላይ ድንገት «ቢያወርዱኝስ?» አሉኝ።

«አያወርዱዎትም» አልኩ።

«ካወረዱኝ ከአህያዋ ጋር እውላለሁ። እሷ ስብሰባ አትጠራም።»

ቀልድ ነው ያሉት። ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

እቅዴ ቀላል ነበር። አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ሲያሸልቡ በክርኔ ጎሸም አደርጋለሁ፣ ማንም አያይም። ኪሴ ውስጥ ቃሪያም ይዤ ነበር፣ ነገሩ ከባሰ አፋቸው ላይ ላደርግ። ለራሴ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም።

የቅሬው ዕቃ ቤት ፊት ለፊት አግዳሚ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ መጥቷል። የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ጀርባ ላይ እንደ እናት እጅ ነው የምታርፈው። ስብሰባው በዱአ ተከፈተ። «አሚን» አልን። ጸሐፊው ባለፈው ለቅሶ ስለተሰበሩ ብርጭቆዎች መናገር ጀመረ።

እስከ ብርጭቆዎቹ ድረስ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እትዬ ፋጤ ናቸው።

መጀመሪያ ራሴ ወደ ፊት ወደቀ አሉ። ቀጥሎ ወደ ኋላ። ከዚያ ትከሻ አገኘሁና ተመቻቸሁ። ጋሼ እንድሪስ ተነስተው መናገር ጀመሩ። አባ ይመርን እንደሚያከብሩ፣ ዕድሜ የአላህ ስጦታ እንደሆነ፣ ግን ቅሬ የነቃ ሰው እንደሚፈልግ። «የነቃ ሰው» ሲሉ እኔ አንኮራፋሁ።

ሰው ሳቁን ዋጠ። ጋሼ እንድሪስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔም ከፍ አደረግሁ።

አንዱ ሊቀሰቅሰኝ እጁን ሲሰድ አባባ «ተወው» አሉት። በኛ ቅሬ የተከሰሰ ዳኛ ቆሞ ነው የሚመልሰው። አባባ ከቆሙ ግን እኔ መሬት ነኝ። ስለዚህ ጋቢያቸውን ከፍተው ግማሹን አለበሱኝና እንደተቀመጡ ተናገሩ።

«እንድሪስ፣ እውነትህን ነው። ድንኳኑን አንተ ግቢ ያስተከልኩት ተኝቼ ነው። አውፍ በለኝ» አሉ። «ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሀዋ ከሄደች ወዲህ።»

እትዬ ፋጤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

ስሟን ጠሩ። ሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠሩ! እኔ ደግሞ እዚያው፣ ከአፋቸው አጠገብ፣ እያንኮራፋሁ ነበር።

«በሩን ከፍታ የምትገባ እየመሰለኝ አዳምጣለሁ» አሉ አባባ። «እንዳዳመጥኩ ይነጋል። ሲነጋ ሰው ይወጣል ይገባል፣ በሩም ይከፈታል። ያኔ እተኛለሁ። በሽታዬ ይኸው ነበር።»

ከዚያ አባባ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«አሁን እተኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ምስክር ካላችሁም ይኸው። እኛ ቤት አሁን እንቅልፍ ያጣው ይህ ነው።»

እኔም ሳልውል ሳላድር መሰከርኩ። እናንተ ከወፍጮ ጋር ያመሳሰላችኋት ድምፅ ያኔ የወጣችው ናት። ቪዲዮው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ከዚህ በፊት ያለውን ማንም አልቀረጸም።

ሰው ፈነዳ። ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ተቀምጠው ሳቁ፣ ዕንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ሲበርድላቸው ግን አንድ ነገር ጠየቁ፣ የምራቸውን።

«አባ ይመር፣ ነገ ሰው ቢሞት ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?»

«ሬሳውን አይቼ» አሉ አባባ። «አንተ ከሆንክ ቦታውን ለምደነዋል።»

በቃ። ጋሼ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «ክሴን ትቻለሁ፣ ይምሩን» አሉ። አባ ይመር ይቀጥሉ ተባለ። ተመረቀ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ።

ያ «አሚን» ነው የቀሰቀሰኝ።

ቀና አልኩ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ ያየኛል። ጠባቂነቴ ትዝ አለኝና አባባን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «አባባ፣ አይተኙ» አልኩ።

ጮክ ብዬ!

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ሰዎች ከአግዳሚ የሚወድቁት በዚህ ነው።

ያሸነፍነውን ስብሰባ እንዲህ ነው የተካፈልኩት።

ጋሼ እንድሪስ ግን ነገር አይረሱም። ሰው ሊበተን ሲል «ስብሰባ ላይ የተኛ ሰው ሕጉ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕጉ ቅጣት ነው። የሚፈርደው ዳኛው ነው። አባባ ለአፍታ እንኳን አላመነቱም፣ የቅሬውን ብረት ድስት በሙሉ እንዳጥብ ፈረዱብኝ። ሰው እንቅልፍ ቢወስደው እንዲህ ይፈረዳል? ድስቶቹ እኮ አንድ በሬ የሚገባባቸው ናቸው!

ከቀትሩ ዙሁር ሶላት በኋላ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ተቀምጬ በአመድና በአሸዋ ስፈትግ አባባ መጡ። የፈረደ ሰው ለተፈረደበት የሚያግዝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ድስት ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። «ይቀመጡ፣ እኔ አለሁ» ሊያመልጠኝ ነበር፣ ዋጥኩት።

ትንሽ እንደፈተግን ድፍረት አገኘሁ።

«ስለ ሀዋ ምን ነበር ያሉት?» አልኩ። እኔም ስሟን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

«ተኝተህ ነበር» አሉ። «የቅሬ ስብሰባ ለአንድ ሰው አይደገምም።»

ድስቴን መፈተግ ቀጠልኩ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ራሳቸው ጀመሩ።

ሀዋ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ዓይናቸው ከበድ ሲል፣ «አባባ፣ ጨው አልቋል» ትላቸው ነበር። ከደጃችን ያለው ሱቅ አይደለም የምትልካቸው፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሱቅ ነው። የዚያኛው ጨው ይሻላል ትላለች። እስኪ በአላህ፣ ጨው ከጨው ይሻላል? እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፣ ያኔ ትምህርት ቤት ነኝ። አንድ ቀን አባባ መዶሻ ሲፈልጉ አልጋዋ ሥር እጃቸውን ሰደዱ።

ሥሩ ሙሉ ጨው። ከረጢት በከረጢት ላይ።

«ምን አሏት?» አልኳቸው።

«ምንም። በማግሥቱ ጨው አልቋል አለች።» ድስቱን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩት። «ሄድኩ።»

ከዚያ ሳቁ። ራሳቸው ድስቱ ውስጥ ስለነበር ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠብኝና ማልቀስ ጀመርኩ፣ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያላለቀስኩትን።

አባባ አልከለከሉኝም። ድስቱን ብቻ ከፊቴ ሳብ አደረጉት። «ታጥቧል፣ ጨው አታድርግበት» አሉኝ።

እስከ አሱር ሶላት ድረስ ስለ ሀዋ አወራን። አንዴም አላሸለብኩም። ይህም ቢቀረጽልኝ ጥሩ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለውን ማን ይቀርጻል?

አሁን ፀሐይ ልትገባ፣ መግሪብ ሊደርስ ነው። አባባ አህያዋን ሊያስገቡ ወጥተዋል፣ እኔ ምንም ሳልዋሽ። እጄ እስከ ክርኔ ጥላሸት ነው፣ ስልኩም ጠቁሯል። ቪዲዮውን ሼር አድርጉት፣ ፈቅጃለሁ። ዘፈኑን ግን ቀይሩልኝ።

ትምህርት ካላችሁኝ ያገኘሁት አንድ ነው። ሰው ፊት የምታንኮራፉ ከሆነ ትከሻ መርጣችሁ አንኮራፉ።

አንድ ነገር ብቻ አግዙኝ። «አህያዋ ገመድ በጠሰች» የምትለዋ ተነቅቶባታል፣ ዛሬ ዳኛው ፊት ለፊት ነግረውኛል። እና ነገ ከሰዓት በኋላ አባባን ለምን ልላካቸው? ራቅ ያለ ይሁን፣ ዳገት አይብዛው። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ጨው ብቻ አትበሉኝ። ጨው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አለን።